ትንሽ ታይፎይድ

አዲስ አበባ ውስጥ ጤነኛን ሰው ለማሳመም ቫይረስም ባክቴሪያም አያስፈልግም፤ «ምነው ከሳህ?» ማለት ይበቃል። ሰውየው ቁርሱን በልቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ደህና ሆኖ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ካየው የከረመ ወዳጁ ድንገት ይመጣል። ተሳስመው፣ ቤተሰብ ተጠያይቀው ሲያበቁ ያ ወዳጅ ክንዱን እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል።

«ምነው፣ አሞህ ነበር እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ!»

«አይ፣ ጠቆር ብለሃል። ፊትህም ገርጣ ብሏል።»

አንድ ፊት በአንድ ጊዜ እንዴት ጠቁሮም ገርጥቶም እንደሚሆን የሚጠይቅ የለም። ወዳጅየው «ለማንኛውም ብትታይ ጥሩ ነው» ይልና ታክሲው ሲመጣ ተጋፍቶ ይገባል። መገናኛ ሳይደርስ የተናገረውን ረስቶታል። የተነገረው ሰው ግን ቢሮ ገብቶ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ መስታወት ፊት ይቆምና የታችኛውን የዓይኑን ቆብ እየጎተተ ደም ይኑረው አይኑረው ያጣራል።

ክፋት እንዳይመስላችሁ። ውፍረት የጥጋብ፣ ክሳት የችግር ምልክት በሆነበት ቤት ያደግን ነን። «ተመችቶሃል» ሙገሳ ነው፤ «ከስተሃል» ደግሞ ሐዘኔታ። ቦሌ ጂም የሚገቡት ልጆች ነገሩን ሊገለብጡት እየታገሉ ነው፤ ለውጡ እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም።

በዚህ ሰላምታ ክፉኛ ከሚጠቁት አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስሙን አልጽፍም። ስሙን እዚህ ቢያገኘው «ለምን ጻፍከኝ? ስለ እኔ የሰማኸው ነገር አለ?» ማለቱ አይቀርም። አንድ ቀን ከሥራ አብረን ስንወጣ፣ ጠዋት አንዱ ያንኑ ነገር ብሎት ኖሮ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን አስቀምጦ የተቀመጠ ልጅ ጋ ስንደርስ ቆመ። ሚዛኑ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ነው። መንገዱ ወደ ቱቦው ስለሚያዘነብል ልጁ በአንድ በኩል የታጠፈ ካርቶን ሰክቶበታል። ወዳጄ ወጣበት።

«ስንት ይላል?»

«ስልሳ ስምንት፣ ፋዘር።»

«ከጫማ ጋር?»

«ከጫማ፣ ከጃኬት፣ ከሞባይል ጋር።»

ጃኬቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። ሞባይሉን ጨመረበት። ቁልፉን ሲያወጣ የሠፈር ሰው ከቦን ማየት ጀመረ። መርፌው ስልሳ ስድስት ተኩል ላይ ሄዶ ቆመ።

«ባለፈው ስልሳ ዘጠኝ ነበርኩ እኮ!» አለ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«ባለፈው የት ነው የተመዘኑት?»

«ሜክሲኮ።»

ልጁ ሳንቲም መቁጠሩን ሳያቋርጥ፣ «የሜክሲኮ ሚዛን ይጨምራል» አለው። ወዳጄ ፊቱ ሲበራ አየሁት። የዚያን ልጅ ያህል ሰው የማረጋጋት ተሰጥኦ ያለው ነጭ ጋውን ከለበሱት መካከልም ብዙ አላጋጠመኝም። ችግሩ ደስታው የቆየው አውቶቡስ ተራ እስክንደርስ ብቻ መሆኑ ነው። እዚያ ስንደርስ «የሜክሲኮው ነው የሚጨምረው ወይስ የዚህኛው ነው የሚቀንሰው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከሰላምታ ቀጥሎ ብዙ ሕመም የሚተላለፈው ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ ትገባላችሁ፤ ትቀመጣላችሁ፤ ንፍሮው ይዞራል። ትንሽ ዝም ከተባለ በኋላ አንዱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ «ለመሆኑ ምን አገኘው?» ይላል። መልሱን አገር ያውቀዋል። «ኧረ ምንም አልነበረበትም! ትንሽ ጨጓራዬን ይል ነበር።» ድንኳኑ ውስጥ ጨጓራዬን የማይል ሰው የለም። ንፍሮ ወደ አፍ ይዞ የሚሄደው እጅ ሁሉ መንገድ ላይ ይቆማል። «ማታ እራቱን በልቶ፣ ዜና አይቶ፣ ደህና እደሩ ብሎ ገባ» ይቀጥላል ተራኪው። ወዳጄ ዜና ማየት ያቆመው ከአንድ እንዲህ ዓይነት ለቅሶ በኋላ ነው።

ልብ ብላችሁ ከሰማችሁ፣ ድንኳን ውስጥ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ አንድ መልስ ፍለጋ ናቸው። «ስንት ዓመቱ ነበር?» ሟቹ ከጠያቂው ቢበልጥ ትንፋሽ ይመለሳል። «ያጨስ ነበር?» አዎ ከተባለ የማያጨሰው ወገን ትከሻውን ያላላል። «ይጠጣ ነበር?» «ስኳር ነበረበት?» «በቤተሰባቸው አለ?» ሁሉም በሟቹና በራሱ መካከል አንዲት ልዩነት እየፈለገ ነው። አያጨስም፣ አይጠጣም፣ ዕድሜው አርባ አልሞላም፣ በእግሩ ይሄድ ነበር ከተባለ ግን ድንኳኑ ለሟቹ ብቻ የተተከለ አይመስልም።

ድሮ ቢሆን ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ ቤትህ ገብተህ ትተኛለህ። ዛሬ ኪስህ ውስጥ ስልክ አለ። ወዳጄ ማታ ሚስቱ ከተኛች በኋላ ራስ ምታቱን ይጽፍለታል። ስልኩ የእንቅልፍ ማጣት፣ የዓይን ድካም፣ የውሃ ማነስ ብሎ ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ የአንጎል ዕጢን ይጠራል። ወዳጄ የመጀመሪያዎቹን ዘሎ ዕጢው ላይ ይቆማል፤ ለዚህ አልነበረም እንዴ ሲፈልግ ያመሸው? ቀጥሎ ቴሌግራም ይከፍታል፤ እዚያ ደግሞ «ይህን ምልክት ካዩ ችላ አይበሉ» የሚል መልእክት ከአክስቱ ተልኮለት ይጠብቀዋል። አሁን ደግሞ የሚያወራ ማሽን መጥቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢጠይቁት አይሰለችም፣ «ተኛ እንጂ!» አይልም። ጭንቀታም ሰው ሲመኘው የኖረ፣ ሊሰጠው የማይገባ ዕቃ።

ከማሽኑም በላይ የሚያምነው ግን አሜሪካ ያለችውን ታላቅ እህቱን ነው። ነርስ ናት። እኛ ጋ ሌሊት ሰባት ሰዓት ሲሆን እሷ ጋ ቀኑ ገና እየመሸ ስለሆነ ትነሣለች የሚል ተስፋ አለው። «እህቴ፣ ግራ ጎኔ ላይ ይወጋኛል።» «ውሃ ጠጣ።» «ግራ ነው እኮ!» «ግራም ቢሆን ውሃ ጠጣ።» ባለፈው ዓመት ሰው አግኝታ የግፊት መለኪያ ላከችለት። ደግ አስባ ነው፤ ቤቱ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም አላገኘም።

ያን መለኪያ ሲጠቀም አይቼዋለሁ። ከደረጃ ሮጦ ይወጣል፤ ሳያርፍ ክንዱ ላይ ይጠመጥመዋል። ማሽኑ ይነፋል፣ ይጨብጣል፣ ይተነፍሳል፤ 138 ይላል። «ከፍ አለ!» ይልና ወዲያው ይደግመዋል፤ 144። ላብ ይለዋል። ሦስተኛው 151 ይሆናል። ከዚያ በኋላ እየለካ ያለው ግፊቱን ሳይሆን ድንጋጤውን ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ለአምስት ደቂቃ ጀርባን ደግፎ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ እግርን አለማጠላለፍ፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ፣ እየለኩ አለማውራት። ወዳጄ ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ ግን መለኪያው ባላስፈለገው።

ሰውነት ደግሞ ሲጠብቁት ይናገራል። ልብን እጅ ጭኖ ላዳመጠ ሰው መዝለሏ፣ መጥለቋ፣ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ማለቷ ይሰማዋል፤ ሁሌም እንዲሁ ነበረች፣ አድማጭ አልነበራትም እንጂ። ፈርቶ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ከደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ከንፈሩና ጣቶቹ ይደነዝዙታል፣ ራሱን ያዞረዋል፤ እሱም «ይኸው ስትሮክ!» ይላል። አንገቱ ሥር እጢ አገኘሁ ብሎ ቀን ከሌት የሚጫን ሰው ቦታውን እስኪያሳምመው ይጫነዋል፤ ከዚያ «ማመም ጀመረ» ብሎ ሐኪም ጋ ይሮጣል።

ሐኪም ጋ እንሂድ። ካርድ ይወጣል፤ ነርሷ ሙቀትና ግፊት ትለካለች፤ ሐኪሙ «ምን ይሰማሃል?» ይላል። ወዳጄ ለዚህ ጥያቄ ጽፎ ነው የሚመጣው። ራሱን ያዞረዋል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ ጆሮው ይጮኻል፣ እግሩን ያቃጥለዋል፣ ልቡ ድንግጥ ይላል፤ «አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይሰማኝም፤ እሱ ራሱ ያስፈራኛል።» ሐኪሙ ከኋላው ያለውን ሰልፍ ያያል፤ ይጽፋል፦ ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ መጠበቅ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ወረቀት በዓይኑ ሰርቆ ለማንበብ ይሞክራል፤ ከትንሿ መስኮት ስም በተጠራ ቁጥር የሁሉም ልብ አብሮ ይመታል።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ቀና ብሎ «ትንሽ ታይፎይድ አለብህ» ይላል። ይህች «ትንሽ» ከሕክምና መጽሐፍ የመጣች አትመስለኝም። ወዳጄ ግን ከክሊኒኩ ሲወጣ ሊሠርግ የሚሄድ ይመስላል። ቢሮ ገብቶ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ፣ «ተገኘልኝ!» አለን። እኛም ተነሥተን እንኳን ደስ ያለህ ልንለው ምንም አልቀረን። ስም ያለው፣ መድኃኒት ያለው፣ ለሚስት የሚነገር፣ ለአለቃ የሚጻፍ በሽታ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ያን «ትንሽ ታይፎይድ» ያገኘው የደም ምርመራ ባለቤት ፌርናንድ ዊዳል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው ያስተዋወቀው። ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነታችን እሱን ለመመከት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ከዳንን ከከረምን በኋላም፣ ክትባት ወስደንም፣ በሌላ ኢንፌክሽን ሰበብም ሊታይ ይችላል። ታይፎይድ በሚመላለስበት አገር የሚኖር ደህና ሰው ደሙ ቢፈተሽ ትንሽ ምልክት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ አንዴ ብቻ ተለክቶ የተገኘ ዝቅተኛ ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ ሁነኛው ማስረጃ ባክቴሪያውን ራሱን የሚፈልገው የካልቸር ምርመራ ነው፤ እሱ ቀናት ይፈልጋል፣ በየክሊኒኩም አይገኝም። እውነተኛው ታይፎይድ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሳይታከም ሲቀር አንጀት እስከ መብሳት ይደርሳል። የወዳጄ ዓይነቱ ግን ከ«ምነው ከሳህ?» የሚመጣ ነው፤ ለዚያ ተብሎ የሚዋጠው አንቲባዮቲክ ጭንቀቱን አይነካውም፤ የሚያሠለጥነው መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ነው።

ይልቅ ጉዱ የሚፈላው ሐኪሙ ሐቀኛ ሆኖ «ምንም የለብህም» ያለው ቀን ነው። ወዳጄ ተሰድቦ ይመለሳል። «ምንም የለብህም አለኝ እኮ! ያን ሁሉ ነግሬው! አልትራሳውንድ እንኳ አላዘዘም!» የእኛ ሰው የሐኪምን ጉብዝና የሚለካው በትእዛዙ ርዝመት ነው። ብዙ ያዘዘ አዋቂ፣ መርፌ የወጋ ደግሞ የአዋቂ አዋቂ። ዝም ብሎ ያዳመጠና «ደህና ነህ» ብሎ የሸኘ ሐኪም የካርዱን ገንዘብ የበላ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሌላ ክሊኒክ ይኬዳል፤ ሙሉ ምርመራ የሚሉት ይደረጋል፤ አቅም ያለው ባንኮክ ድረስ ይሄዳል።

ሙሉ ምርመራ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ወረቀቱ ላይ በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት «ከዚህ እስከዚህ» የሚል መደበኛ ልክ ታትሟል። ያ ልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከጤነኛ ሰዎች መካከል 95 በመቶው የሚያርፉበትን ወስዶ ነው። የቀሩት አምስቱም ጤነኞች ናቸው፤ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብለው ተገኙ እንጂ። አሁን ሒሳቡን ሥሩ፦ ፍጹም ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ቢያደርግ፣ ቢያንስ በአንዱ ከመስመር ውጭ የመሆን ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ የፈለገ አያጣም። ወዳጄ አንዲት ኮከብ የተደረገባት ቁጥር ይዞ ሲመጣ እኔ ሒሳቡን አስረዳሁት። አዳመጠኝና «እና እኔ ከ36ቱ ውስጥ ለምን አልሆንኩም?» አለኝ።

ማረጋገጫ የሞባይል ካርድ ነው። ሲሞላ ስልኩ ቀና ይላል፤ ሒሳቡ መቀነስ የሚጀምረው ግን ከዚያችው ደቂቃ ነው። ጠዋት የተሰማ «ደህና ነህ» እስከ ማታ ያደርሳል። ማታ «ደሜን ሲወስዱ ያቺ ልጅ ስሜን በትክክል ጽፋው ይሆን?» ይመጣል። ሲነጋ ሌላ ካርድ። በደጋገሙት ቁጥር ደግሞ የሚያደርስበት ጊዜ ያጥራል፤ የመጀመሪያው ለወር የበቃ እንደሆነ አምስተኛው ለምሳ አይደርስም።

እንዲህ ስል የሰማኝ ሰው አገሩ ሁሉ ክሊኒክ ለክሊኒክ የሚዞር ሊመስለው ይችላል። ለዚያ ደግሞ እናቴ አለችላችሁ። እናቴ ሐኪም ቤት የምትሄደው ሌላ ሰው ለመጠየቅ ነው። ራሷን ካመማት ምች ነው፣ ዳማከሴ ትጨምቃለች። ከቆረጣት ብርድ ነው፣ ዝንጅብል ታፈላለች። ሆዷን ካላት ተልባ አለ። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ፀበል። «ሐኪም ቤት የገባ ታሞ ነው የሚወጣው» ትላለች። ባለፈው የእግሯን እብጠት ስናይ ለምነን፣ ሽማግሌ ልከን፣ በመጨረሻም ዋሽተን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። «ምንም አይሰማኝም» ትል የነበረው እውነቷን ነው፤ ግፊት ብዙውን ጊዜ አይሰማም፤ ካልለኩት አይታወቅም።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ «እማዬ፣ ለምንድን ነው እንቢ ስትዪ የኖርሽው?» አልኳት።

«ሄጄ ጉድ ቢያወሩኝስ?» አለች።

ይህን ስትል ባልደረባዬ ትዝ አለኝ። እሱ በየሳምንቱ የሚሄደው፣ እሷ በዓመት አንዴ እንኳ የማትሄደው በአንድ ነገር ምክንያት ነው። ሁለቱም ጥርጣሬን ይዞ መኖርን አይችሉትም። እሱ አሁኑኑ ንገሩኝ ይላል፤ እሷ ፈጽሞ እንዳትነግሩኝ ትላለች። በዚህ መካከል በልኩ የሚፈራ ሰው፣ ማለትም ግፊቱንና ስኳሩን በጊዜው የሚያስለካ፣ ሌላውን ቀን ሰውነቱን የሚተወው ሰው፣ ወሬ ስለማይሆን ስሙ አይሰማም።

በሽታ አለብኝ ባይ ሰው ሁሉ የሚሳቅበት ከመሰላችሁ ጸሐፌ ተውኔቱን ሞሊየርን አስቡ። «የፌዝ ዶክተር» የሚለውን ተውኔቱን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስላመጣልን እንግዳችን አይደለም። የመጨረሻ ሥራው ያለ ሕመሙ ታምሜያለሁ የሚል ባለጠጋ ታሪክ ነው፤ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተውም ራሱ ሞሊየር ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1673 ተውኔቱ ለአራተኛ ጊዜ ሲታይ መድረክ ላይ አመመው፤ እንደ ምንም ጨርሶ ቤቱ ተወሰደ፣ በዚያው ሌሊት ሞተ። ይህን ለወዳጄ ያጫወትኩት ለመዝናናት ነበር። «አየህ?» አለኝ ከወንበሩ ተነሥቶ። «አየህ? ያልኩህን!»

ሐቁን ከተናገርን ልክ ነው። የሚጨነቅ ሰውም ይታመማል፤ ጭንቀት ክትባት አይደለም። ስለዚህ «አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ» ብሎ ማባረር መፍትሔ አልሆነም። መፍትሔውን ያመጡት እሱ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኛቸው ጠና ያሉ ሐኪም ናቸው። የወፈረውን የካርድ ፋይል ገልጠው ሲጨርሱ ምንም ሳያዙ መነጽራቸውን አወለቁ አሉ።

«ልጄ፣ ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?»

«ምንም እንደሌለብኝ እንዲያረጋግጡልኝ።»

«እስከ መቼ?»

ወዳጄ አሰበ። «እስከ መጨረሻው።»

«ይህንንማ እኔም ፈልጌ አጥቻለሁ» አሉት።

ከዚያ አልተሳለቁበትም። ሕመሙ እውነተኛ እንደሆነ፣ ያለውም ፍርሃቱ ውስጥ እንደሆነ፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መዝገብ ውስጥ የበሽታ ሥጋት ተብሎ ራሱን ችሎ እንደተመዘገበ ነገሩት። ሕክምናው በአብዛኛው በንግግር ነው፤ አስተሳሰብንና ልማድን ቀስ በቀስ የሚያስለውጥ። ወዳጄ ፊቱ ተለዋወጠ። «አማኑኤል ሊልኩኝ ነው?» አላቸው። «ብልክህስ? አማኑኤልም የሰው ሆስፒታል ነው» አሉት።

ትእዛዛቸው ከፋርማሲ የሚገዛ አልነበረም። ሐኪሙ ከእንግዲህ አንድ ይሆናል። ቀጠሮው አመመውም አላመመውም በሁለት ወር አንዴ ነው፤ እሳቸውን ለማየት መታመም አያስፈልገውም። አንገቱን አይነካም። ስልኩን ስለ ሕመም አይጠይቅም። በመካከል አዲስ ነገር ከተሰማው ጽፎ ያስቀምጠዋል እንጂ ወዲያው አይሮጥም። መሮጥ ያለበትን ለይተው ሰጡት፦ ደረት ላይ የሚጫንና ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ የአፍ መጣመምና የአንድ ወገን መዛል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሰገራ ወይም አክታ ላይ ደም፣ አልወርድ ያለ ትኩሳት። ወዳጄ ዝርዝሩን ወስዶ «ሌላስ የለም?» አላቸው። «ለዛሬ ይበቃሃል» አሉት።

ከባዱ ድርሻ የደረሰው ሚስቱን ነው። ለዓመታት ሥራዋ በየማታው ምላሱን፣ ጀርባውን፣ ዓይኑን አይታ «ኧረ ምንም የለም» ማለት ነበር። ሐኪሙ ይህንን እንድታቆም ነገሯት፤ መልስ በሰጠችው ቁጥር ጥያቄውን እየመገበችው ነው አሏት። ግን እንዴት አድርጋ ዝም ትላለች? ሴትየዋ ብልህ ናት፤ መንገድ አገኘች። አሁን ብብቱን ገልጦ «ይሄ ያበጠ ይመስልሻል?» ሲላት ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል፣ «ማክሰኞ ማታ ጠይቀኝ» ትለዋለች። ማክሰኞ የጥያቄ ቀን ሆነ። ማክሰኞ ሲደርስ ከጥያቄዎቹ ግማሾቹ ተረስተዋል፤ የቀሩትን ደግሞ ልጆቹ ፊት ሲያነባቸው እሱ ራሱ ይስቃል። አንዳንዱ ማክሰኞ ይከብዳል፤ እሷ ግን ወደ ሰኞ አታመጣውም።

ድኗል አልላችሁም። አሁንም ለቅሶ ቤት «ያጨስ ነበር?» ይላል። አሁንም ሚዛን ሲያይ እግሩ ይዘገያል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ጥያቄው መጥቶ ሳይመለስ አብሮት ሊያመሽ ይችላል። ታክሲ የሚሳፈር ሰው ሁሉ፣ መንታ መንገድ የሚያቋርጥ ሁሉ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ሁሉ ዋስትና በእጁ ሳይኖር ነው የሚውለው፤ በሰውነታችን ላይ ሲሆን ብቻ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንፈልጋለን። ያን ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ቢኖር ኖሮ ሰልፉ ከአራት ኪሎ እስከ ቃሊቲ በደረሰ።

ባለፈው ቀጠሮው ቀን ወዳጄ ማስታወሻውን ይዞ ሄደ። ካርድ ክፍሏ ልጅ «ዶክተር ዛሬ አልገቡም፤ አሟቸዋል» አለችው።

«ምን አሟቸው?»

«ጉንፋን ነው መሰለኝ።»

«ትኩሳት አላቸው? ተመረመሩ? ኤክስሬይ ተነሡ?»

ልጅቱ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ቤታቸው ተኝተዋል» አለችው።

ቢሮ ሲመለስ ገና በር ላይ ሆኖ ነው ያወጀው። «ሰውየው ስፔሻሊስት እኮ ነው! ላቦራቶሪው ሥሩ፣ ኤክስሬዩ ጎኑ፣ ሁሉም ነገር በእጁ!» አለን። «አንድም ነገር አላዘዘ! ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ተኛ!»